ከጓዳ የሚወጣው፦ የተጣሉ የቤት ዕቃዎችና የአሊዩ አምባ ታሪክ

(በትምህርት ክፍላችን የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ የተስተካከለ።)



 የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ይህ አዳራሽ ከለመዳቸው ርእሶች ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ውልና ስለ ድንበር አልናገርም። የምናገረው ሰዎች ቤታቸውን ሲያጸዱ፣ ሲያድሱ፣ ሲወርሱ ወይም ሲለቁ «ይህ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ብለው ወደ ውጭ ስለሚያወጧቸው ዕቃዎች ነው፤ ስለ ወፍጮ ድንጋይ፣ ስለ እንስራ፣ ስለ ቅል፣ ስለ አሮጌ ደረሰኝና ስለ ደብተር።

ነገሩን ከራሴ ጥፋት ልጀምር። እናቴ ያረፈችው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ዕድሜዋን በሙሉ የኖረችው በአሊዩ አምባ ሲሆን፣ ዐርብ ዐርብ ገበያ ወጥታ ጨው፣ ቡና፣ በርበሬና ጥጥ ትቸረችር ነበር። ሐዘኑ ካለፈ በኋላ እኅቶቼ፣ ወንድሜና እኔ ቤቱን ለተከራይ ለማዘጋጀት ተሰበሰብን። ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። ሁለቱን የወፍጮ ድንጋዮች ጎረቤት ለእርከን ግንብ ወሰዳቸው። ከሦስቱ እንስራዎች አንዱ ሲወጣ ተሰበረ፤ ሁለቱን ለፈለገ ሰው ሰጠን። ቅሎቹን፣ ስልቻውንና የተበጣጠሰውን ስፌት ደጅ አውጥተን አቃጠልን። ከአልጋዋ ሥር የነበረውን የእንጨት ሣጥን ስንከፍተው ወረቀት ሞልቶት አገኘነው፦ የግብር ካርኒ፣ አሰብ ወደብ ይሠራ የነበረው አጎቴ የላካቸው ደብዳቤዎች፣ ከቀበሌ የተሰጠ የስኳር ማውጫ ካርድ፣ ጠርዛቸው በእጅ ወዝ የጠቆረ ሦስት የዱቤ ደብተሮች። ሣጥኑን ታላቅ እኅቴ ወሰደችው። በወረቀቱ ቡና ተፈላበት። እሳቱን የቆሰቆስሁት እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ የታሪክ መምህር ከሆንሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣችና «በደርግ ዘመን በይፋት ገበያዎች የነበረውን ዋጋና ዱቤ የሚያሳይ የጽሑፍ ምንጭ የት አገኛለሁ?» ስትል ጠየቀችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ረዥም ጊዜ ዝም ማለቴን አስታውሳለሁ። ወደ ደብተሮቹ በንግግሬ መጨረሻ እመለሳለሁ።

ዛሬ ላቀርበው የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው። ቤት ዕቃ የሚጥለው በዘፈቀደ አይደለም። ገንዘብ ሲለወጥ፣ መሣሪያ ሲለወጥ፣ አገዛዝ ሲለወጥ፣ የሚያኮራና የሚያሳፍር ነገር ሲለወጥ የሚጣለው ዕቃም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ የተጣለ ዕቃ በራሱ የታሪክ ለውጥ ምልክት ነው። ነገር ግን ዕቃው ከቤት ሲወጣ በእርሱ ሲሠራ የኖረው ሰው፣ ይልቁንም ሴቲቱ፣ ከታሪክ አብራ ትወጣለች።

ገበያዋ የተጻፈላት፣ ጓዳዋ ያልተጻፈላት ከተማ

አሊዩ አምባ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው በሚወርደው ተረተር ላይ ያለች ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሸዋ መንግሥት ዋና የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ ያቋረጠው ሲራራ ነጋዴ ፋሬ ላይ ደርሶ የቀረጡን ነገር ከጨረሰ በኋላ ወደ አሊዩ አምባ ይወጣ ነበር። የዐርቡ ገበያ አርጎባውን፣ አፋሩን፣ ሐረሪውን፣ አማራውንና ኦሮሞውን በአንድ ሜዳ ያገናኝ ነበር።

ስለዚህ ገበያ ብዙ እናውቃለን፤ የምናውቀውም በአብዛኛው እንግዶች ስለ ጻፉልን ነው። ሚሲዮናዊው ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839፣ የእንግሊዝን መልእክተኞች የመራው ካፒቴን ሃሪስ በ1841፣ ሐኪሙ ቻርለስ ጆንስተን በ1842 በዚሁ በር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ገቡ። ሃሪስ በሦስት ቅጽ፣ ጆንስተን በሁለት ቅጽ የጻፏቸው መጻሕፍት ሁለቱም በ1844 ለንደን ላይ ታተሙ። እነዚህ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ድረስ የአሊዩ አምባ ታሪክ መነሻዎች ናቸው፤ እኔም ለተማሪዎቼ አስነብባቸዋለሁ።

ነገር ግን ሃሪስ የመጣው ለውል ነው፤ በኅዳር 1841 ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። ዐይኑ የሚያርፈው በሚሸጥና በሚለወጥ ነገር፣ በጠመንጃ ቍጥር፣ በመንገድ ርዝመት ላይ ነው። ጆንስተን ከእርሱ ይለያል። በአሊዩ አምባ ቤት ይዞ ተቀምጧል፤ በንዳድም ታሟል። ታሞ የተኛ እንግዳ በበቅሎ ከሚያልፍ እንግዳ ይልቅ ጓዳ ያያልና ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ከሌሎቹ የተሻለ ጽፎልናል። ሆኖም እርሱም ቢሆን ያየው የእንግዳን ያህል ነው። በዚያች ከተማ ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ እህሉን ማን እንደ ፈጨው፣ ጥጡን ማን እንደ ፈተለው፣ ውኃውን ማን ከወንዝ እንዳዘለው በስም አናውቅም። እነዚያ ሴቶች የተዉት ጽሑፍ የለም። የተዉት ዕቃ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረርን ያዙ፤ መናገሻውም ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። የምድር ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሲራራው መንገዱን ቀየረ፤ የሸዋ በር የነበረችው ከተማ የሳምንት ገበያ ያላት ትንሽ የወረዳ ከተማ ሆና ቀረች። ከዚህ በኋላ ስለ አሊዩ አምባ የሚጽፍ እንግዳ ሲጠፋ የቤቶቿ ዕቃ እንደ ታሪክ ምንጭ ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ሲጣል የኖረውም በዚያው ዘመን ነው።

ጨው፣ ድንጋይ፣ ሸክላ

ሦስት ዕቃዎችን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው አሞሌ ነው። አሞሌ ከአፋር ቆላ ተፈልጦ እየተጠረበ የሚወጣ የጨው ገንዘብ ነበር። ለረዥም ዘመን የትንሹ ገበያ መገበያያ እርሱ ነው፤ ለትልቁ ዋጋ ደግሞ የማሪያ ቴሬዛ ብር ነበር። አሞሌ እንግዳ ጠባይ ያለው ገንዘብ ነው። ከተወለደበት ቦታ በራቀ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ሲሰበር ዋጋው ይወርዳል፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፤ ባለቤቱም ሲቸግረው ወጥ ሊያጣፍጥበት ይችላል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት ሁላችንም ለምክር እንጠቀምበታለን። በአሊዩ አምባ ገበያ ግን ይህ ምሳሌ ብቻ አልነበረም። አሞሌ ከገንዘብነት ሲወርድ በቤት ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ ተበላ። ከሣህለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በየጓዳው የተከማቸው የገንዘብ ታሪክ በድስት ውስጥ ሟሟ።

የማሪያ ቴሬዛ ብር ዕጣው ሌላ ሆነ። ይህ ብር ንግሥቲቱ ከሞተችም በኋላ የሞተችበትን ዓመት፣ 1780ን እንደ ያዘ መታተሙን ቀጠለ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር ሲያስቀርጹ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲታወጅ፣ ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ወጣ። ሆኖም ማንም አልጣለውም፤ አንጥረኛው ቀልጦ ወደ ድሪ፣ ወደ አምባርና ወደ መስቀል ለወጠው። እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ከቤት የሚወጣው ዋጋ ያጣ ነገር ነው፤ ዋጋ ያላጣው መልኩን ለውጦ ይቀራል። ስለዚህ በቤት ውስጥ ተጠብቆ የምናገኘው ውድ የነበረውን ነው፤ የዕለት ኑሮን የያዘው ርካሽ ነገር አይደለም። የቅርስ ሙዚየሞቻችን በጌጥና በመስቀል ሞልተው በእንስራና በቁና የሚያንሱት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው ዕቃ የወፍጮ ድንጋይ ነው። ተንበርክኮ በመጅ ማሽላና ጤፍ መፍጨት ምን ያህል አድካሚ እንደ ነበር እናቶቻችን ነግረውናል። ሌሊት ተነሥቶ ይጀመራል፤ ጕልበት ያብጣል፤ ድንጋዩ ሲልም በመውቀሪያ እየተወቀረ እንደገና ይሳላል። ከዚህ ድካም የሚገላግል መሣሪያ በአካባቢው ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ቀድሞ ነበር። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ድሜጥሮስ የተባለ ከአልባኒያ የመጣ ባለሙያ የውኃ ወፍጮ ሠራ። ሃሪስ እንደ ጻፈው ካህናቱ የአጋንንት ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆመ። ማለትም በዚያ ጊዜ የተጣለው ማሽኑ፣ የቀረው ድንጋዩ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ የናፍጣ ወፍጮ ወደ አውራጃ ከተሞች ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ድንጋዩ መጀመሪያ ለሽሮና ለበርበሬ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ ደጃፍ ላይ መቀመጫ ሆነ፤ በመጨረሻ ግንብ ውስጥ ገባ።

ልብ በሉ፤ ስለዚህ ለውጥ ቅር ተሰኝቼ አልናገርም። ድንጋዩን ያወጣችው ሴት ጕልበቷን አዳነች፤ ትክክል አደረገች። ነገር ግን ድንጋዩ መዝገብ ነበር። መሐሉ የጎደጎደበት ጥልቀት የስንት ዓመት ሥራ እንዳለፈበት ይናገራል። በልሙ ላይ የሚቀሩትን የእህል ቅንጣቶች በአጉሊ መነጽር መርምሮ ምን እህል እንደ ተፈጨበት ማወቅ ይቻላል። እናቴ ወፍጮዋን ከእናቷ፣ እናቷም ከአማቷ እንደ ተቀበለችው ትናገር ነበር። በሦስት ትውልድ ሴቶች ጕልበት የተጻፈውን ያን መዝገብ እኛ ለእርከን ሰጠነው። አሁንም ግንቡ ውስጥ አለ፤ ባለፍሁ ቍጥር አየዋለሁ። ነገር ግን የማን እንደ ነበር የማያውቅ ሰው ሲያየው ድንጋይ ነው።

ሦስተኛው እንስራ ነው። ሸክላው ባዶውን ከባድ ነው፤ ውኃ ሲሞላና በገመድ ሲታዘል ወገብ ይሰብራል፤ ከወደቀም አለቀለት። ፕላስቲክ ጀሪካን መጣና እንስራን በአንድ ትውልድ ውስጥ ከጓዳ አስወጣው። ጀሪካን የሚለው ቃል ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለጀርመኖች የነዳጅ ዕቃ ከሰጡት ስም የመጣ ነው። ለጦር ሠራዊት ነዳጅ የተሠራ ዕቃ የይፋት ሴት ውኃ መቅጃ ሆነ ማለት ነው። በዚህም ሸክሙ ቀለለ፤ ልጆችም ውኃ መቅዳት ቻሉ፤ አህያም በቀላሉ ተጫነች።

ከእንስራው ጋር ግን ሠሪዋ ወጣች። በአንኮበር አካባቢ ሸክላ የሚሠሩትና ብረት የሚቀጠቅጡት ሰዎች «ጠይብ» እየተባሉ ሲናቁ፣ በቡዳነት ሲጠረጠሩ፣ ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይገናኙ ሲደረጉ ኖረዋል። የሠሩት ዕቃ በየቤቱ ነበር፤ ስማቸው ግን በማንም መዝገብ የለም። የአንዲት ሸክላ ሠሪ ሙያ የሚታወቀው በእንስራው ከንፈር ቅርጽና በአንገቱ ላይ በምታሳርፈው ምልክት ነው። ፊርማዋ ያ ነው። በፕላስቲክ የተተካው ዕቃ ሲሰበር ለሠሪዋ ኑሮዋም ፊርማዋም አብረው ተሰበሩ።

ከዕቃው ጋር የሚወጣ ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ስሙ ነው። አርጎብኛ በአሊዩ አምባ አካባቢ በአብዛኛው ለአማርኛ ቦታውን ለቋል። ቋንቋ ሲለቅ ቶሎ የሚጠፋው የዕለት ዕቃ ስም ነው፤ ዕቃው በእጅ ላይ ካለ ግን አሮጊቲቱ አንሥታ ስሙን ትነግራችኋለች። ዕቃው ከሌለ ጥያቄውን የሚያስነሣ ነገር አይኖርም።

ወረቀትና አዋጅ

ወደ ወረቀት ልለፍ። ከ1967 በፊት የግብር ካርኒ በገጠር ቤት እንደ ዐይን ብሌን ይጠበቅ ነበር፤ በመሬት ክርክር ጊዜ ዳኛ ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ነውና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ያ ሁሉ ወረቀት በአንድ ቀን ጥቅሙን አጣ። ባለ ርስት ለነበረ ሰው ደግሞ ጥቅም ማጣት ብቻ ሳይሆን አደጋም ሆነ። አንዳንዱ ደበቀው፤ አንዳንዱ ቀበረው፤ ብዙው አቃጠለው። ከሁለት ዓመት በኋላ በቀይ ሽብር ጊዜ ደግሞ በየከተማው መጽሐፍ፣ በራሪ ወረቀትና ደብዳቤ በምድጃ ውስጥ ገባ። እንግዲህ በቤት ውስጥ የሚገኝ ወረቀት ላይ ያለው ክፍተት እንዲሁ ክፍተት አይደለም። የፍርሃት ታሪክ ነው። ተመራማሪ «በዚህ ቤት ምን ወረቀት አለ?» ብሎ ሲጠይቅ «ምን ነበረ? መቼ ተቃጠለ? ለምን?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

የተጣለ ወረቀት ምን ሊያስተምር እንደሚችል አንድ የውጭ ምሳሌ ላንሣ። በአሮጌው ካይሮ በሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኩራብ ውስጥ አይሁድ ያረጁ ጽሑፎችን የሚያከማቹበት ጕዳ ነበር። የእግዚአብሔር ስም ሊኖርበት ስለሚችል ያረጀ ጽሑፍ እንደ ጉድፍ አይጣልም ነበርና የሰርግ ውል፣ የነጋዴ ደብዳቤ፣ የዕዳ ቍጥር፣ የልብስ ዝርዝር ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ ተከማቸ። ሰሎሞን ሼክተር እ.ኤ.አ. በ1896 እና 1897 ብዙውን ወደ ካምብሪጅ ወሰደው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጎይታይን የተባለው ሊቅ ከእነዚህ ቁርጥራጮች ስለ ሜዲትራኒያን ኅብረተሰብ ብዙ ቅጽ ያለው ታላቅ ሥራ ጻፈ። ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ንግድ የምናውቀው አንዱ ክፍል የመጣው ከዚያ ጕዳ ነው። ጸሐፊዎቹ ለታሪክ ብለው አልጻፉም፤ «ገንዘቤን ላክልኝ» ብለው ነው የጻፉት።

እኛም ዘንድ እንደዚህ ያለ ልማድ አለ። ሙስሊሙ ያረጀ የቁርኣን ቅጠል ከቆሻሻ ጋር አይጥልም፤ ንጹሕ ቦታ ይቀብረዋል ወይም በክብር ያስቀምጠዋል። በቤተ ክርስቲያን ያረጀ ብራና ዕቃ ቤት ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ለሌላ መጽሐፍ መጠረዣ ይውላል። የተቀደሰውን ጽሑፍ የምናከብርበት ሥርዓት አለን ማለት ነው። የመንግሥት ወረቀትም ቢያንስ ወመዘክርን የመሰለ ቤት አለው። የተቀደሰም የመንግሥትም ያልሆነው፣ ማለትም የሴት ቸርቻሪ ደብተር፣ የእድር መዝገብ፣ ከወደብ የተላከ ደብዳቤ፣ ሥርዓትም ቤትም የለውም።

የሚያሳፍር ዕቃ

አንድ ከባድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በአሊዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል ላይ የባሪያ ገበያ ነበር፤ ተጓዦቹ ጽፈውታል። ከደቡብና ከምዕራብ የመጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ልጆች በዚያ ተሸጠው ወደ ባሕር ይነዱ ነበር፤ በየቤቱም የቀሩ ነበሩ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. አዋጅ በሕግ ተሻረ። ከዚያ በኋላ የሻጭም የገዢም ቤት ይህን የሚያስታውስ ነገር ማስቀመጥ አልፈለገም፤ የተሸጠውም ሰው ልጆች እንዲሁ፣ ግን በሌላ ምክንያት። አንዱ የጣለው ጥፋቱን ለመደበቅ ነው፤ ሌላው የጣለው ስድብን ለማምለጥ ነው።

ታሪክ ጸሐፊ እነዚህን ሁለት ዝምታዎች በአንድ ዐይን ማየት የለበትም። የመጀመሪያውን መጠየቅ ሥራችን ነው። ሁለተኛውን ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መክፈት አይገባንም። ቤቱን ያጸዳ ሰው ሁሉ አላዋቂ አይደለም፤ አንዳንዱ ልጆቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው እንዲኖሩ ሲል ያጸዳል። በየቤቱ እየዞርን «ለምን ጣላችሁት?» ስንል ይህን በልባችን መያዝ አለብን።

ልዋጭ፣ ቆራሌው እና የእኛ ድርሻ

ዛሬ ዕቃ ከቤት የሚወጣበት መንገድ የታወቀ ነው። በዘመን መለወጫ ሰሞን ቤት ይቀባል፤ የቆየው ይወጣል። የልዋጭ ነጋዴዎች ፕላስቲክ ሳፋና ብርጭቆ ተሸክመው በየሰፈሩ ይዞራሉ፤ አሮጌ ልብስና ዕቃ ተቀብለው አዲስ ይሰጣሉ። በአዲስ አበባ ጧት ጧት «ቆራሌው!» የሚለውን ጥሪ የማያውቅ የለም፤ ብዙዎች «ቆርቆሮ ያለው» ከሚለው ያጠረ ነው ይላሉ። የተሰበሰበው ብረትና ጣሳ መርካቶ ምን አለሽ ተራ ገብቶ ምድጃ፣ ባልዲና ማንኪያ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ለአገር ትልቅ ውለታ ያደርጋሉ፤ በእነርሱ እጅ የሚባክን ነገር ጥቂት ነው። «አንቲካ» የተባለው ደግሞ ወደ ስጦታ ዕቃ መደብሮች ይሄዳል። እዚያ አንድ አገልግል ታያላችሁ፤ የየት እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ሰፋው፣ በማን ሰርግ ምሳ እንደ ተቋጠረበት የሚነግራችሁ የለም። ዕቃው ተርፎ ታሪኩ ተጥሏል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሁሉን እናስቀምጥ ማለቴ አይደለም። በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ሦስት እንስራ አስቀምጥ ሊባል አይችልም። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የቤት ዕቃዎችን ከልደት እስከ ሞት ባለው የሰው ሕይወት ሥርዓት ደርድሮ በማሳየት ትልቅ ትምህርት ሰጥቶናል፤ ነገር ግን አንድ ሙዚየም የአገሩን ጓዳ ሁሉ አይችልም።

በዚያው በይፋት ምድር፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ፣ ኖራ፣ አስበሪና መሰል የሚባሉ የመካከለኛው ዘመን የሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች አሉ። የይፋት ሱልጣኖች፣ የወላስማ ሥርወ መንግሥት፣ ዘመን አሻራዎች ናቸው። ተመራማሪዎች በዚያ የሚያገኙት ግንብና ሸክላ ስብርባሪ ነው። የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት አንዲት ሴት ሰብራ የጣለችው ገል ዛሬ ማስረጃ ሆኗል። የዚያች ሴት ቅል፣ ስልቻ፣ ስፌትና ጨው ግን የለም። ድንጋይና ሸክላ ይቆያሉ፤ ቅል ይበሰብሳል፤ አሞሌ ይሟሟል፤ ወረቀት ይቃጠላል። መሬቱ መርጦ ያስቀምጣል፤ የሚመርጠውም ለእኛ ብሎ አይደለም። እኛ በሕይወት ያለነው ግን የሚጠፋውን ከመጥፋቱ በፊት መጠየቅ እንችላለን።

ለተማሪዎቼ የማቀርበው ጥያቄ ትንሽ ነው። ለበዓል ወደ ቤት ስትሄዱ፣ ወይም ዘመድ አርፎ ቤት ሲጸዳ፣ ዕቃው ደጃፍ ከማለፉ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ስሙ ማን ነው? ማን ሠራው? ማን ሠራበት? አሁን ለምን ይወጣል? በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፤ የመላሿን ድምፅ ፈቃዷን ጠይቃችሁ ቅዱ፤ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ዕቃው ቢሄድም ይሂድ። ወረቀት ከሆነ ግን አትቸኩሉ፤ ገጽ በገጽ አንሡት። ይህ ለአንድ ሣጥን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ለትምህርት ክፍላችንም ጥያቄ አለኝ፤ ተማሪዎች የሚያመጡትን እንዲህ ያለ ምስልና ድምፅ የምናስቀምጥበት አንድ ቋሚ ቦታ ይኑረን።

አሁን ወደ ደብተሮቹ ልመለስ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያን ጊዜ የሦስት ልጆች እናት ነበረች። መጻፍ እንደ ቻለች የጀመረችው ነገር የዱቤ ደብተር ነው፤ ስም፣ የወሰደው ነገር፣ ዋጋው። ፊደሏ ትልልቅ ነበር፤ መስመሩንም አይጠብቅም። ሲከፈላት ከስሙ ጎን ትንሽ ክብ ታደርግ ነበር። ልጅ ሆኜ እርሷ እያነበበች እኔ እደምርላት ስለ ነበር አስታውሳለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ይፋትንና ጥሙጋን ሲመታ እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ገጾች ላይ ክብ አልነበረም። በብዙ ስሞች ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ተስቦ ነበር። የሞቱት ናቸው? በሰፈራ ወደ ምዕራብ የተጫኑት ናቸው? ወይስ እርሷ ዕዳቸውን የማረቻቸው? ያን ጊዜ አልጠየቅኋትም፤ አድጌም አልጠየቅኋትም። ሣጥኑ በተከፈተ ቀን ደብተሩን ገልጬ መስመሮቹን አየሁ፤ አወቅኋቸውም። ከዚያ ዘጋሁትና እሳት ውስጥ ጨመርሁት፤ ቡናው እንዲፈላ፣ ቤቱም እንዲጸዳ ቸኩለን ነበርና።

በአሊዩ አምባ በረኃቡ ዓመት ማን ከማን እንደ ተበደረ፣ ማን እንደ ቀረ፣ ማንስ እንደ ተማረ የሚያሳይ፣ በአገሬው ሴት እጅ የተጻፈ መዝገብ ነበር። ሃሪስም ጆንስተንም እንዲህ ያለ ምንጭ አልነበራቸውም፤ እኔ ነበረኝ።